የዶኛ ኤፒፋኒያ ቁጥር

ፑዌብላ፣ ሰኞ ማርች 14 ቀን 1983

ለምወድህ ልጄ ለፊደንሲዮ፤

ከነሚስትህ እንዴት ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን። ማን ጻፈው ብለህ ፖስታውን አታገላብጥ፤ እኔው አባትህ ኢላሪዮን ነኝ፣ በገዛ እጄ። የማታ ትምህርቱን ከጨረስኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነው፤ አስተማሪያችን ግን «እንደ እርስዎ ያለ የእጅ ጽሑፍ ባንክ ቤት ውስጥ እንኳ የለም» ብላለች። ካላመንክ ጠይቃት። ሥጋ ሻጩ ኦዲሎን በአራት ወር የቻለው ስሙን ብቻ ነው፤ እሱንም ሲጽፈው እንደ አጥንት ይሰባብረዋል።

በመጨረሻው ቀን ሁሉም ስለ ሥራው ይናገር ተባለ፤ እኔ ስለ ሎተሪ ተናግሬ ክፍሉን አስጨበጨብኩት። ሎተሪያችን በዕድሜ ከአገሪቱ ነጻነት ይበልጣል፣ በስፔን ንጉሥ ጊዜ የተጀመረ ነው አልኳቸው። በአብዮቱ ዘመን ቁማር ነው ተብሎ ተዘጋ፤ አምስት ዓመት ቆይቶ ደግሞ ለሕመምተኛና ለሙት ልጅ መርጃ ተብሎ ተከፈተ። አያትህ ከመዘጋቱ በፊትም ከተከፈተ በኋላም ሸጧል። ዩኒፎርም የለበሱት ልጆች የወጣውን ቁጥር እንዴት እያዜሙ እንደሚጠሩት በድምፄ አሳየኋቸው። አንዱ ቲኬት ሃያ ቁራጭ እንደሚሆን፣ ድሃ አንዷን ቁራጭ እንደሚገዛም ነገርኳቸው። ሰባቱን ኪሴ ውስጥ ደብቄ አንዷን ብቻ እያውለበለብኩ «የቀረችው የሙት ልጅ ይቺ ናት፣ አሳድጓት» እያልኩ እንደምሸጥ ግን አልነገርኳቸውም፤ ግማሾቹ ደንበኞቼ ናቸው።

አሁን ወደ ደብዳቤህ።

ዓርብ ደረሰኝ። ድሮ ቢሆን ለፋርማሲዋ ሴትዮ ወስጄ ነበር የማስነብበው። ይኼን ግን በሩን ዘግቼ፣ ጣቴን ከቃል ቃል እያሻገርኩ፣ ብቻዬን አነበብኩት። በሕይወቴ የመጀመሪያው። እናትህ ምድጃው አጠገብ ሆና «ምን ይላል ልጄ?» ስትለኝ «ብርድ ነው ይላል፣ ናፍቀሽኛል ይላል» አልኳት። ሌላ የማነብላት መስመር አጣሁ።

«ቁራጯን ለራስህ ያዛት፤ አሮጊቷ እንደሁ ማንበብ አትችል፣ ማን ይነግራታል» ትላለህ። ሦስት ጊዜ መላልሼ አየሁት፣ ገና ተማሪ ስለሆንኩ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ። አልተሳሳትኩም። ግማሽ ጠጥቶ ሾርባው ውስጥ ፀጉር እንዳገኘ ሰው ሆንኩ። በስልክ እንዲህ አላልክም። ዕጣው በወጣ ማግስት ከፋርማሲው ደውዬ የዶኛ ኤፒፋኒያ ቁጥር መውጣቱን ስነግርህ «ዝም በል አባዬ፣ ሰው ይሰማል፤ እጽፍልሃለሁ» ብቻ ነው ያልከኝ። እኔም የደወልኩት ለወሬ ያህል ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ሰው ለልጁ አይነግርም እንዴ?

ዶኛ ኤፒፋኒያን ረስተሃት እንደሆነ፣ የመጀመሪያ ቁርባንህን ሸሚዝ የተኮሰችልህ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንኑ አንድ ቁጥር፣ አንድ ቁራጭ፣ በቃሏ ብቻ ታስይዘኛለች። ባርኔጣዬ ገበር ውስጥ አስቀምጥላታለሁ። ዕጣው የሚወጣው ማክሰኞ ነው፤ እሷ የተኮሰችበትን የምትቀበለው ደግሞ ቅዳሜ። ስለዚህ ሁልጊዜ የምትከፍለኝ ለወደቀ ቲኬት ነው። አንድ ቅዳሜ እንኳ «ወድቋልና አልከፍልም» ብላ አታውቅም። እኔም «ወድቋልና ይቅርብዎ» ብያት አላውቅም። አንተ «ዕጣው ሲወጣ አልከፈለችም፣ ቲኬት የያዢው ነው» ትለኛለህ። የያዘው ባርኔጣዬ ነው፤ እንግዲያው ገንዘቡንም ባርኔጣዬ ይውሰደው።

«መንግሥት በሎተሪ ሁለት መቶ ዓመት ድሃውን ሲግጥ ኖሯል፣ አንተ አንድ ጊዜ ብትወስድ ምን አለበት» የሚለውንም አነበብኩ። ቆንጆ አጻጻፍ ነው፤ ግን ዶኛ ኤፒፋኒያ መንግሥት ናት? ጣሪያችን ያፈሳል ብለህ፣ የእናትህን የጉልበት ሕመም አንስተህ ስታበቃ፣ ወረቀቱን ስገለብጠው የምትገዛው የጭነት መኪና ቀለሙ ሳይቀር ተጽፏል። ሰማያዊ። እዚያ ላይ ስደርስ ተነስቼ እጄን ታጠብኩ።

ከዕጣው በኋላ ባለው ቅዳሜ እንደ ልማዷ መጥታ ከፈለችኝ። «ምን አለ፣ ዶን ኢላሪዮን?» አለችኝ። የዕጣው ዝርዝር ገና አልታተመም አልኳት። ያን ሳምንት እግሬን አሞኝ ስለነበር ጭንቅላቴም በቦታው አልነበረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሳትመጣ ቀረች። ትናንት ከቅዳሴ መልስ እኔው ቤቷ ሄድኩ። በር ላይ ቆማ የሆቴል አንሶላ ትተኩሳለች።

«ዶኛ ኤፒፋኒያ፣ ቁጥርዎ ወጥቷል» አልኳት፤ ደስ ብሏት ካውያው ከእጇ እንዳይወድቅ ቀስ ብዬ።

«አውቃለሁ» አለች፣ መተኮሷን ሳታቆም። «ዕጣው በወጣ ማግስት የዳቦ ቤቷ ሴትዮ አይታልኛለች።»

«ታዲያ ቅዳሜ ሲመጡ ለምን ዝም አሉኝ?»

«ልከፍል ነዋ የመጣሁት። የእኔ ድርሻ እሱ ነው። የእርስዎን ደግሞ ልይ ብዬ።»

ቁራጯን ከባርኔጣዬ አውጥቼ ሰጠኋት። እጇን በሽርጧ ጠርጋ ተቀበለችኝ፣ ጡቷ ሥር ከተተቻት፣ አመሰገነችኝም። ውሃም አጠጣችኝ። ልወጣ ስል «ከእንግዲህ ቁጥሬን አይያዙልኝ» አለችኝ። ሀብታም ስለሆነች ሎተሪ ምን ያደርግላታል ብዬ ነው የወሰድኩት። አንተም እንደዚያው ውሰደው።

እንግዲህ አባትህ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አየህ። ቲኬቷን ይዞ ሄዶ በእጇ የሰጠ ሰው ነው። በዚህ ከተማ ካሉት ሎተሪ አዟሪዎች ስንቱ ይህን ያደርጋል? ቁጠርልኝ።

ደብዳቤህን በዚሁ ፖስታ መልሼልሃለሁ። ላቃጥለው ነበር፤ ብቻዬን ያነበብኩት የመጀመሪያው ነውና እጄ እምቢ አለኝ። ቤት ውስጥም እንዲቀመጥ አልፈልግም። እናትህ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ የማታ ትምህርት ልትገባ ተመዝግባለች።

እመቤታችን ከክፉ ትጠብቅህ፣ እኔንም እንዳትረሳኝ ለምናት። ሚስትህን ሳምልኝ። በሚቀጥለው ስትጽፍ ለእናትህ የሚነበብ ነገር ጻፍ።

አባትህ
ኢላሪዮን