መሪውን ማን ይያዝ

ለምወድሽ፣ ላኮረፍሽኝም እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽ ደረጃ መውጣት ቻለ ወይስ አሁንም መሃል ላይ ያስቆምሻል? የዓይንሽን ጠብታ ሳትረሺ ታደርጊያለሽ? አባዬስ ሳሉ ለቀቀው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ጣቴ እንኳ አልተቧጨረም። ደብዳቤ የምጽፍልሽ ስልክ አጥቼ አይደለም። ታናሽ እህቴ «ከዚያ የሚበር ብረት ካልወረደች ስልኳን አላነሳም ብላለች» ስላለችኝ ነው። ደብዳቤ ግን ሳታነቢ እንደማታስቀምጪ አውቃለሁ፤ በስህተት የመጣ የጎረቤት ደረሰኝ እንኳ እስከ ታች አንብበሽ ነው የምትመልሺው።

አባዬ በሬዲዮ የሰማው ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹን ደግሞ ሰፈሩ ጨምሮበታል። ሞተር አልተቃጠለም፣ ክንፍም አልተሰበረም። አሁን ከኔ ስሚው።

ከተነሳን ብዙም አልቆየን፤ ደመና ውስጥ ገብተናል። ውጭው ነጭ ግድግዳ ነው፣ ምድርም ሰማይም አይታይ። በግራዬ የተቀመጡት ዋናው አብራሪ ናቸው፤ እኛ ረዳቶቹ በሌሉበት «አባ እርጋታ» እንላቸዋለን። በአባዬ ዕድሜ ያሉ፣ ወንበር እንኳ ሲገፉ ይቅርታ የሚጠይቁ ሰው ናቸው። በየፊታችን የየራሳችን ፍጥነት መለኪያ አለ። በድንገት የሳቸው «ከልክ በላይ ፈጥናችኋል» አለ፤ የኔ ደግሞ «ፍጥነታችሁ አልቋል፣ ልትወድቁ ነው» አለ። መሃል ላይ ያለችው ሦስተኛዋ እንደ አስታራቂ ሽማግሌ አንዴ ወደሳቸው፣ አንዴ ወደኔ ታዳላለች። ማስጠንቀቂያዎቹም እኩል ተነሱ፤ አንዱ ጆሮ እስኪበጠስ ይጮሃል፣ ሌላው መሪውን ያንዘፈዝፈዋል። ፈጥነን ከሆነ መፍትሔው ሞተሩን ቀንሶ አፍንጫውን ማንሳት ነው። ፍጥነት አጥተን ከሆነ ግን ይህንኑ ማድረግ በገዛ እጅ መሞት ነው፤ የዘገየ አውሮፕላንን አየር አይሸከመውም። ፈራሁ እማዬ።

የሚቀጥለውን ለመርማሪዎቹም አልደበቅኩም። መሪውን የያዙት እሳቸው ነበሩ። «የኔ መለኪያ ሳያብድ አልቀረም፤ ያንቺ ይሻላል፣ ያዢው» ብለው ለቀቁት። እኔ ደግሞ በታላቅ ሰው ፊት «አዎ፣ የኔ ነው ልክ» ማለት ከበደኝና «ኧረ ጋሼ፣ የተበላሸው የኔ ይሆናል፤ እርስዎ ይያዙት» አልኩ። ኧረ ግድ የለም አንቺ አሉ፤ ኧረ በፍጹም እርስዎ አልኩ። አንቺና ጎረቤታችን በራችን ላይ «እለፊ»፣ «ኧረ አንቺ እለፊ» እየተባባላችሁ ስትግደረደሩ ሾርባው የሚቀዘቅዘው ትዝ ይልሻል? ቁርጥ እሱን ሆንን! ከኋላችን ያ ሁሉ ሰው ቀበቶውን አስሮ ተቀምጦ፣ መሪውን የያዘ አልነበረም። አራት እጅ አለ፣ አራቱም ጭን ላይ ነው።

አውሮፕላኑ ወደ ጎን ማዘንበል ጀመረ። ያኔ ወንድሜ ትዝ አለኝ። እናንተ ስትግደረደሩ በመሃላችሁ ሹልክ ብሎ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነበር፤ አንቺም «ባለጌ! ማን አሳደገው ይሉኛል!» ትይ ነበር። እኔም ባለጌ ሆንኩ። «ይዣለሁ!» ብዬ ጮህኩባቸው። እሳቸውም ቅር አላላቸውም፤ «ይዘሻል» ብለው ወዲያው መመሪያውን ገለጡ።

መለኪያዎቹን ሁሉ ማመን ተውን። እሳቱና ውሃው ምን ያህል እንደሆነ ካወቅሽ ሰዓት ባይኖርም ድንቹ መቼ እንደሚበስል ታውቂ የለ? የኛም እንደዚያው ነው። አፍንጫው ይህን ያህል ቀና ካለ፣ ሞተሩ ይህን ያህል ከሠራ፣ መለኪያው የፈለገውን ቢቀባጥር አውሮፕላኑ ይበራል። እሳቸው ቁጥሩን ያነቡልኛል፣ እኔ አደርጋለሁ። መንዘፍዘፉ ቆመ፤ ጩኸቱ ግን እስከ መጨረሻው አልተወንም። «በርቺ የኔ ልጅ፣ ቀስ እያልሽ» ይሉኝ ነበር። ከደመናው ሥር ወጥተን ምድርን ሳያት እንባዬ መጣ። ዞረን ተመልሰን አረፍን።

ለካ አውሮፕላኑ ቆሞ በሰነበተበት ጊዜ ቱቦዎቹን የሸፈነ ሰው የለም፤ ንፋስ ተቀብላ ለመለኪያው ፍጥነት በምትነግረው፣ በሳቸው በኩል ባለችው ቱቦ ውስጥ ተርብ ጭቃ ጠቅጥቃ ቤት ሠርታለች። የመሃለኛዋንም ጀማምራት ነበር። እውነተኛዋ የኔዋ ነበረች። ስንወርድ አባ እርጋታ በሩ ላይ ቆመው «እለፊ» አሉኝ። ሳልግደረደር አለፍኩ። በጣም ሳቁ፤ ከዚያ ፊታቸውን አዙረው ዓይናቸውን ጠረጉ።

አሁን ወደ ኩርፊያችን እንምጣ። መሥሪያ ቤቱ ከፈለግሽ ቢሮ ውስጥ ቦታ አለ ብሎኛል፤ አንቺም በእህቴ በኩል «ትቀበል» ብለሽ ልከሻል። አልቀበልም እማዬ። ምድር ላይ ባለው የልምምድ ክፍል መለኪያዎቹን እያጣሉብኝ ደጋግመው ፈትነውኛል፤ አልፌያለሁ። ሐሙስ ጠዋት እበራለሁ፣ ያውም ከአባ እርጋታ ጋር። ፍርሃቱ ለቆኛል ብዬ አልዋሽሽም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ትያለሽ፤ እውነትሽን ነው። ከእንግዲህ እያንዳንዷን ቱቦ በባትሪ አብርቼ በገዛ ዓይኔ ሳላይ ደረጃውን አልወጣም። ግን እወጣለሁ። እኔ ብቀርም ያ ወንበር ባዶ አይቀመጥም፤ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል፣ እሱም እናት አለው። ኩርፊያሽ ከፍቅር መሆኑ ይገባኛል፤ ቢሆንም ከዚያ ጩኸት ይልቅ ያንቺ ዝምታ ነው የጎዳኝ።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ሬዲዮኑን ትንሽ ቀነስ አድርጎ ሳሉን ያስታም። አክስቴ በጸሎቷ እንዳትረሳኝ፤ ሐሙስ ሳይደርስ ስሜን ታንሳልኝ። እህቴን መልእክት ማመላለስ ስላደከምናት ይቅርታ በይልኝ። ወንድሜን «ባለጌ» ያልሽውን ሁሉ አንሺለት፤ ብልግናው ሰው አትርፏል። ጎረቤታችንንም ሰላም በይልኝ፤ ብቻ እባካችሁ፣ በር ላይ አንዳችሁ ቶሎ ግቡ።

ሐሙስ ወደ አውሮፕላኑ ከመግባቴ በፊት እደውላለሁ። ብታነሺም ባታነሺም እበራለሁ፤ መርቀሽኝ ብበር ግን እንዴት ደስ ባለኝ! ስልኩ ሲጮህ አንቺ «አባቷ ያንሳው»፣ አባዬ «እናቷ ታንሳው» ስትባባሉ እንዳይዘጋብኝ። አንቺ አንሺው እማዬ።

ልጅሽ፣ አዲሷ ባለጌ

ከአየር ማረፊያው አጥር ሥር ካለችው ክፍሌ፣
ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ማክሰኞ