ጥፋቱ ያንተ አልነበረም፣ አባዬ

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ ብዬ እንዳልጀምር መልስህን አልሰማውም። ከተለየኸን አራት ዓመት ከሰባት ወር ሆነ። አሁን ለአሥር ቀን ፈቃድ መቱ መጥቼ፣ ጭቃ የነካ ጫማህን ታወልቅበት በነበረው በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ።

እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ቤተ ክርስቲያን ግን አትቀርም። የተከልከው አቮካዶ አፍርቷል። ፍሬው እየወደቀ ቆርቆሮውን በመታ ቁጥር ደንግጣ፣ «ምናለ ከቤቱ ትንሽ አርቆ ቢተክለው» ትላለች። አይሱዙህን አንድ የበደሌ ሰው ገዝቶ ሰማያዊ ቀብቷታል። ትናንት በገበያው በኩል ስታልፍ ቀለሟ አሳሳተኝ፤ በድምጿ ነው ያወቅኳት። ወደ ኡካ የሚወስደው መንገድ ክረምት ሲገባ አሁንም ያው አንተ የምታውቀው ጭቃ ነው።

እኔ መኮንን ሆኛለሁ። ምክትል መቶ አለቃ ነኝ። ይህን ሳታይ መሄድህ ያንገበግበኛል። ከዚህ የባሰ የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ነው ልነግርህ የተነሳሁት።

የመጀመሪያውን የዕጩ መኮንኖች ምልመላ ታስታውሰዋለህ። ማስታወቂያው ከወጣ ጀምሮ በየማለዳው ወደ ሶር ወንዝ በሚወስደው መንገድ እሮጥ ነበር። ከእኔ በፊት የተፈተነ አንድ የሰፈራችን ልጅ፣ ሩጫው ብቻውን እንደማይበቃ፣ ቃለ መጠይቅ ላይ የሰውን ጠባይ እንደሚመረምሩ ነገረኝ። እኔም ስለ ራሴ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ቆራጥ ነኝ፣ ታጋሽ ነኝ፣ ከስህተቴ እማራለሁ። ሸመደድኩት። አንተ ከኖፓ ቡና ጭነህ የተመለስክ ቀን ደብተሩን ሰጥቼህ «ጠይቀኝ» አልኩህ።

መነጽርህን አድርገህ እስከ መጨረሻው አነበብከው። «ይቺ ጎበዝ ልጅ ናት። ግን እኔ አላውቃትም» አልክ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። አንተ ግን ቀጠልክ። ቁም ነገር ሲሆን «ልጄ» የምትለኝ በኦሮምኛ ነበር።

«ኢንታላ ኮ፣ ደፋር ነሽ። ለደከመ ታዝኛለሽ። ‹አጥፍቻለሁ› የሚለው ቃል ግን ካፍሽ ወጥቶ አያውቅም። ሳህን ስትሰብሪ ጥፋተኛው ሳህኑን እዚያ ያስቀመጠው ሰው ነው። ይህን ጠባይሽን እነሱ ሳይነግሩሽ ራስሽ እወቂው። ሰው ጉድለቱን ካወቀ ይጠነቀቃል፤ ካላወቀ ግን መከራውን የሚያዩት ከሥሩ ያሉት ናቸው።»

ደሜ ፈላ። «አንተ ከአይሱዙ ሌላ ምን መርተህ ታውቃለህ?» አልኩህ። እማዬ ከጓዳ «ጫልቱ!» ብላ ጮኸችብኝ። አንተ ደብተሩን ዘግተህ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥክና ጎማ ልታይ ወጣህ።

በማግስቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘኸኝ። ካፊያ ውስጥ ቆመህ እጅህን ስታነሳልኝ፣ እንዳላየ ሆኜ ፊቴን አዞርኩ።

በምልመላው ሦስተኛ ቀን በቡድን ሆነን ከባድ ግንድ ቦይ እንድናሻግር ታዘዝን። መሪዋ እኔ ነበርኩ። ገመቹ የሚባል የጎሬ ልጅ፣ «ገመዱ አጥሯል፤ መጀመሪያ እንቀጥለው» አለኝ። አልሰማሁትም። ግንዱ ቦዩ ውስጥ ገባ። ከሰዓት በኋላ ቃለ መጠይቅ ላይ አንድ ሻለቃ ረጋ ብለው፣ «ግንዱ ለምን ወደቀ?» አሉኝ።

«ገመቹ ገመዱን አጥብቆ ስላልያዘ» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ቤት ውስጥ በደንብ የሚያውቅሽ ሰው ጉድለትሽ ምንድን ነው ይላል?»

አንተ ነህ ፊቴ ላይ ድቅን ያልከው። ቃልህ ምላሴ ላይ ነበር። ዋጥኩትና «ሥራ ከጀመርኩ እረፍት አላውቅም» የሚለውን ሽምደዳዬን አነበነብኩላቸው። ሻለቃው ሌላ አልጠየቁኝም።

ወደቅኩ።

ስመለስ እዚሁ በረንዳ ላይ ነበርክ። «እንዴት ሆነልሽ?» ስትለኝ፣ «አንተ ነህ የጣልከኝ! ልቤን ሰብረህ ልከኸኝ እንዴት ልለፍ?» አልኩህ። ስለ ገመቹ ትንፍሽ አላልኩም። ስለ ሻለቃው ጥያቄም አልነገርኩህም።

ተነስተህ ትከሻዬን ያዝክ። «እንግዲያው ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ኢንታላ ኮ። ይቅር በይኝ።»

እኔም «እሺ» አልኩህ። አባዬ፣ እሺ ነው ያልኩህ! አንተን ይቅርታ አስጠይቄ፣ የተበደለ ሰው መስዬ ገብቼ ተኛሁ።

በዚያው ክረምት ልብህ ታመመ። ሆስፒታል አልጋህ አጠገብ አሥራ አንድ ቀን ተቀመጥኩ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ቡናው አወራን። እውነቱን ልነግርህ እጀምርና ነርስ ይገባል፤ ጠያቂ ይመጣል፤ ወይም እኔው ራሴ ሰበብ አገኛለሁ። ከዚያ ተሻለህ። ጫማዬን አምጡልኝ አልክ። ሐኪሙ ቅዳሜ ትወጣለህ ሲሉህ፣ ቤት ስንገባ እነግረዋለሁ ብዬ ወሰንኩ። ዓርብ ረፋዱ ላይ አረፍክ።

ሠልስትህ በወጣ ማግስት እማዬ ልብስህን እያጠፈች፣ «‹የልጄን ዕድል ያበላሸሁት እኔ ነኝ› እንዳለ ነው የሄደው» አለችኝ። ለእሷ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝ፤ አልተቆጣችኝም። «ለሱ ነበር መንገር» ብቻ አለችኝ።

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ደብተር አልያዝኩም። ስለ ጉድለቴ ሲጠይቁኝ፣ «ጥፋቴን ማመን ይተናነቀኛል። አባቴ ነግሮኝ ነበር፤ እሱኑ ወነጀልኩት» አልኩ። በቃ ወደቅኩ ስል አለፍኩ። ገመቹን በየሰልፉ ፈለግኩት፤ አላገኘሁትም።

ጠባይ ግን ስላወቁት ብቻ አይለቅም። ባለፈው ዓመት ካርታ በስህተት በማንበቤ አቅጣጫ አስቼ ወታደሮቼን ግማሽ ቀን በፀሐይ አስኬድኳቸው። አንድ አሥር አለቃ መንገዱ ይህ አይደለም ብሎኝ ነበር። ስንቆም አፌ «አሥር አለቃው በደንብ ቢያስረዳኝ ኖሮ» ሊል ተከፍቶ ነበር። ያዝኩት። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱ ነግሮኝ ነበር፤ አልሰማሁትም» አልኳቸው። ማንም አልናቀኝም። ውሃ ተጎነጩ፣ ጫማቸውን አጠበቁ፣ ተከተሉኝ።

ያን ቀን ወደ ኋላ ቀርቼ አለቀስኩ። ለዚያ ሁሉ ሰው የተናገርኩትን ቃል፣ አሥራ አንድ ቀን እጅህን ይዤ ላንተ ሳልናገረው ቀረሁ።

አባዬ፣ ምልመላውን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። የጣለኝ የኔው አፍ ነው እንጂ ያንተ ምክር አይደለም። ያላጠፋኸውን ጥፋት ተሸክመህ ሄድክ፤ ያሸከምኩህም እኔ ነኝ። ይቅርታህን እመልስልሃለሁ፤ መጀመሪያውኑም ለኔ የሚገባ አልነበረም። በሕይወት እስካለሁ፣ ጣቴ ወደ ሌላ ሰው ሊቀሰር በተነሳ ቁጥር፣ ትከሻዬን ይዘህ ይቅር በይኝ ያልክበትን ፊትህን አልረሳም።

ልጅህ
ጫልቱ