አባ ማርቆስ መቃብር ላይ የተቀመጡ ሰሞን

ሰኞ

ቁጭ አሉ። «ወደቁ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ፤ ለራሴ ማስታወሻ እንኳ እጄ እምቢ አለኝ። ጋሼ ተክሌን ልንቀብር ሄደን፣ አስከሬኑ ገና ሳይወርድ ቄሳችን አባ ማርቆስ ከጉድጓዱ በወጣው አፈር ላይ ቁጭ አሉና መነሣት አቃታቸው። የጸሎት መጽሐፋቸው አፈር ውስጥ ገባ። ሽታው እኔ እስከቆምኩበት ድረስ ይመጣል። አረቄ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ።

የባሰው ደግሞ ሰው ማየቱ ነው። የሸዋ ሮቢት ካቶሊክ ተጠራርቶ ቢወጣ ሁለት ሚኒባስ ቢሞላ ነው፤ የቀረው ለቀስተኛ ኦርቶዶክስና ሙስሊም ጎረቤት ነው። አንድ የሆቴል አስተናጋጅ ጠጋ ብሎ «አባታችሁ ደከማቸው መሰለኝ» አለኝ፤ «ደከማቸው»ን ረገጥ አድርጎ። ያነሷቸው ጋሼ ሰይድ ናቸው፣ የሟቹ ጎረቤት፣ የሽንኩርት ነጋዴው። በብብታቸው ገብተው አቆሟቸውና ልብሳቸውን እያራገፉ «ሙቀቱ ነው እናንተ፣ ሙቀቱ ነው» ይላሉ። የሚያዝያ ሙቀት እዚህ ማንንም ይጥላል። ማንም ግን አላመናቸውም።

ጸሎቱን እንደምንም የጨረሰው ጋሼ ኃይሉ ነው፣ የቁምስናችን ምክር ቤት ሰብሳቢ። የሟቹ ባለቤት እትዬ አስካለ አላለቀሱም። አባን ብቻ ያዩ ነበር።

ማክሰኞ

ለፋሲካ ብዬ ከአዲስ አበባ መጥቼ ይኸው እስካሁን እማዬ ቤት ነኝ። ነገ እመለሳለሁ ስል ጋሼ ኃይሉ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። ስለ አባ ለጳጳሱ ደብዳቤ ይጻፍ ብለው ተስማምተዋል። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ። «መጽሔት ላይ የሰው ትዳር ስትፈቺና ስትቋጥሪ ትውያለሽ፣ ይቺ ምን ታቅትሻለች?» አለኝ።

እሺ አልኩ። ተናድጄ ነበር። ጋሼ ተክሌ እንደዚያ መቀበር አልነበረባቸውም።

ግን ደብዳቤው ከሄደ አባ ይነሳሉ። ሰባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ፣ ሰው ከማያውቁበት ቤት አንዲት ክፍል ይሰጧቸዋል። ለእኛም ምትክ ቄስ መላካቸው እንጃ።

«ብፁዕ አባታችን» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። በደብዳቤው ፈንታ የመጣልኝ ይሄ ነው፦

ሞተር ብስክሌታቸው። ከካራቆሬ ሲመለሱ ድምፁን ከሩቅ ሰምተን ትምህርተ ክርስቶስ ያላጠናን ልጆች ማሽላ ውስጥ የምንደበቀው።

ደብረ ሲና። መዘምራኑን ሰብስበው ይዘውን የወጡ ዕለት። የቆላ ልጆች ነን፣ ጉም አይተን አናውቅም፤ ጥርሳችን ተንቀጫቀጨ። ከመንገድ ዳር ትኩስ ቆሎ ገዝተው በየኪሳችን ሞሉልንና «አትብሉት፣ መጀመሪያ እጃችሁን ክተቱበት» አሉን።

የመጀመሪያ ኑዛዜዬ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። የጋሼ ሰይድን ማንጎ መስረቄን እየተንሰቀሰቅሁ ተናገርኩ። አባ እስክጨርስ አዳመጡኝና «ጣፍጦሽ ነበር?» አሉኝ።

ይኼን ለጳጳስ አይጽፉም።

ረቡዕ

እትዬ አስካለ ዘንድ ለማስተዛዘን ሄድኩ። ሰው ሳሳ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና እሑድ አባ እናንተ ቤት ገብተው ነበር ወይ አሉኝ። ገብተው ነበር። ከፋሲካ በኋላ ጠበል ይዘው የምእመናኑን ቤት እየዞሩ መባረክ የቆየ ልማዳቸው ነው። እሑድ አሥራ አንድ ቤት ባርከዋል።

«እኛም ቀዳንላቸው» አሉ እትዬ አስካለ። ጋሼ ተክሌ ሊሞቱ ሰዓታት ሲቀራቸው፣ አልጋ ላይ ሆነው፣ ለአባ ሳትቀጂ ልትሸኚ ነው ብለው ተቆጥተዋቸው ነበር።

ቄስ ቤት ባርኮ ባዶ አፉን አይወጣም፤ እምቢ ካለ ጠየፈን ነው የሚባለው። እኛ ቤት መለኪያውን የሞላሁት እኔ ነኝ። አባ እጃቸውን አፉ ላይ አድርገው «ተይኝ ልጄ፣ ከጾሙ መግቢያ ጀምሮ ትቻለሁ» ብለውኝ ነበር። እኔ ምን አልኩ? «በሞቴ» አልኩ። ሁለቴ። ጠጡልኝ። ደስ አለኝ።

አሥራ አንድ ቤት። አሥራ አንድ በሞቴ።

ጋሼ ኃይሉን መንገድ ላይ አግኝቼ አንተስ ብዬ ብጠይቀው፣ ደግሜላቸዋለሁ አለና ወዲያው ስለ ባጃጅ እጥረት ማውራት ጀመረ።

ሐሙስ

ደብዳቤውን ጨረስኩ። «በዕድሜ መግፋት በመጣ ድካም» ብዬ ለስላሳ አድርጌ። እማዬ ሰምታ ሰው በጀርባው አይከሰስም፣ ሂጂና አንብቢላቸው አለችኝ። ደብዳቤውን ይዤ ሄድኩ።

አባ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ኒም ዛፉ ሥር ተቀምጠዋል። አልጠጡም። ዓይናቸው ቀልቷል። ላነብላቸው ስል ተቀብለው ራሳቸው አነበቡት፤ ቀስ ብለው፣ ድሮ የቤት ሥራዬን እንደሚያርሙት። እስክሪብቶ ጠየቁኝ። «በዕድሜ መግፋት» የሚለውን ሰርዘው ከላዩ «በመጠጥ» ብለው ጻፉ።

ያኔ አልቻልኩም፤ ስለ መለኪያው፣ ስለ በሞቴው፣ ስለ አሥራ አንዱ ቤት ዘረገፍኩት። ጥፋቱ የኛ ነው አልኳቸው።

«እሑድን ተካፈሉኝ፣ እሺ» አሉ። «ሰኞ ጠዋት ግን ብቻዬን ነበርኩ። ማንም በሞቴ አላለኝም። ያቺን ጠዋት እንዳትወስጂብኝ፣ ልጄ። የምናዘዘው እሷን ነው።»

አልቅሼ ወጣሁ። ለአንባቢዎቼ ስንት ዓመት ምክር ስሰጥ የኖርኩ ሴትዮ።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ጋሼ ኃይሉ ደብዳቤውን ሊያነብ ሲነሣ አባ ቀደሙት። ሰክሬ ነው ቀብሩ ላይ የመጣሁት፣ ሟቹንም ቤተሰቡንም አዋርጃለሁ፣ ይቅር በሉኝ አሉ። በቃ። ምክንያት አልደረደሩም።

ጋሼ ኃይሉ ጫማውን ያያል። አንድ ቤተሰብ ተነሥቶ ወጣ፤ ልጃቸውን በእኚህ እጅ እንደማያስጠምቁ ደጅ ላይ ሲናገሩ ተሰማ። አልፈርድባቸውም።

ከዚያ እትዬ አስካለ ተነሡ፣ ጥቁር በጥቁር ሆነው።

«አባ፣ ቀብሩን አበላሽተውብኛል» አሉ። «እንዲህ አድርገው አይሄዱም። የተክሌን አርባ የሚቀድሱት እርስዎ ነዎት፤ ሌላ ቄስ አልፈልግም። በእግርዎ ቆመው ይጨርሱልኝ።»

አባ ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ደብዳቤውን እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ደግሜ ጻፍኩት። «በመጠጥ» የሚለው አልተነካም። አባ እንዲታከሙ፣ ረዳት ቄስ እንዲላክልን፣ ከአርባው በፊት እንዳይነሱብን። በመጨረሻም ማናችንም ዳግመኛ እንደማንቀዳላቸው። ይቺን ዓረፍተ ነገር ያስገባው ጋሼ ኃይሉ ነው። መጀመሪያ የፈረመውም እሱ ነው።

ረቡዕ

ከጳጳሱ ቤት ምንም አልተሰማም። ጋሼ ሰይድ በመንገድ አግኝተውኝ «ሰውየው እንዴት ናቸው?» አሉ፤ ደኅና ናቸው ልል ብዬ አላውቅም አልኩ። «እንግዲህ አላህ ያግራላቸው» ብለው አለፉ።

ዛሬ ጠዋት ለአዲስ አበባ መኪና በባጃጅ ስሄድ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጋ ወረድኩ። አባ ውስጥ ብቻቸውን ናቸው። ድምፃቸው ይሰማል፤ ፍትሐቱን እያነበቡ ነው፣ ለአርባው እየተለማመዱ፣ እንደ አዲስ ዲያቆን። የተክሌ ስም ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው ይቆረጣል። ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። እዚያችው ጋ ይቆረጣል።

ባጃጁ ጥሩንባውን ነፋብኝ። እጄን አወዛወዝኩለት፣ ጠብቅ ብዬ። በሦስተኛው ስሙን ጠርተው አለፉ።