የእትዬ ፋንታዬ ጉልበት በኮምፒውተር

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ጠዋት

እትዬ ፋንታዬ ጉልበታቸው ዛሬም እንዳበጠ ነው። ልጃቸው ቡሬ ከተማ ወልዳለች፣ ሄደው ሊያርሷት አልቻሉም። ደግነቱ የእህታቸው ልጅ ሌንሴ ከጅማ መጥታለች፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረዋ። ሆስፒታል የተነሱትን የጉልበት ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ታንቀሳቅሰዋለች አሉ። ፎቶ እንዴት ይንቀሳቀሳል? ልብሱን ላስጣና ልሂድ።

ከሰዓት፣ 11፡00

አየሁት ደብተሬ! የሆስፒታሉ መሣሪያ ጉልበቱን እንደ ዳቦ በስሱ እየቆራረጠ ያነሳል። ሌንሴ ቁራጩን ትደራርብና አጥንት ይወጣል። እግሩ ሲታጠፍ የጉልበት ሎሚዋ ሸርተት ትላለች። ሦስት ጊዜ አሳይኝ አልኳት። የራሴንም ጉልበት ዳበስኩ።

ከዚያ አልጋ ላይ የእውነቱን እግር ቀስ እያለች አጠፈችው። እዚህ ጋ ያማል? እዚህስ? ያማል ያሉትን ቦታ ስትመዘግበው ኮምፒውተሩ ላይ ይቀላል። እትዬ ለሁሉም በኦሮምኛ ፈያዳ፣ ደህና ነኝ፣ ተመስገን አሉ። አጥንቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ሰኞ የጅማው ሐኪም ይህን አይቶ ስፖርት ይበቃል ወይስ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል የሚለውን ይወስናል።

ዓርብ፣ 12

እትዬ ከባጃጅ ሲወርዱ አየኋቸው። እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው ነው የሚያወርዱት። ፊታቸው አመድ መስሏል። ታዲያ አረንጓዴው ምንድን ነው? ጠየቅኳቸው። ደህና ነሽ ወይ ለሚል ሰው ማን አሞኛል ይላል ብለው ሳቁብኝ። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤

«ልጅቷ እንዲህ ለፍታ፣ አመመኝ ብዬ ላሳፍራት?»

ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ። ማልኩ። ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ።

እሑድ፣ 14

ከቤ/ክ መልስ መሐላዬን አፈረስኩ። ለሌንሴ ነገርኳት። መጀመሪያ ክው አለች፣ ኋላ ኮምፒውተሯን ከፈተች። አፋቸውን አትጠይቂ አልኳት፣ እጃቸውን እኔ ልያዝ። እግሩ ገና ግማሽ ሳይታጠፍ ጣቶቼን ጨመቁኝ። አፋቸው ግን ፈያዳ ይላል! ሲጨምቁኝ እኔ «አሁን» ስል፣ ሌንሴ ስትመዘግብ፣ አጥንቱ ቀላ። ሲቀላ ደስ አለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

እትዬ አኩርፈውኛል። ጎረቤት አይደለሽም፣ ሰላይ ነሽ አሉኝ። ይበሉ።

ነገ ጅማ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ሐኪሙም ደህና ነዎት ወይ ማለቱ አይቀርም። አጠገባቸው እቀመጣለሁ፣ እጃቸውንም እይዛለሁ።