ማንም ያልነካው ቁልፍ

ጥቅምት 6

የውሃ ፓምፕ የምታስነሳው ሳጥናችን ዛሬም አሾፈችብኝ። ኬብሉን ከላፕቶፔ ወደ እሷ ሰካሁ፣ አጠፋኋት፣ አበራኋት... ተነሳች። ደገምኩ። ተነሳች። ምንም የላትም! ታዲያ እነ አባዬ ሕንፃ ምድር ቤት ያለችው እህቷ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ለምን ፈዛ ትቀራለች? እሷ ካልተነሳች ፓምፑ አይነሳም። ፓምፑ ካልተነሳ ላይኛው ፎቅ ጠብታ ውሃ የለም።

ለአለቃዬ "እዚህ ትሠራለች" አልኩት። "እና ደንበኞቹ እዚህ መጥተው ውሃ ይቅዱ?" አለኝ። ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ።

ጥቅምት 8

አባዬ ደወለ። ስለ ሳጥኗ አላነሳም። ስለ ጉልበቱ፣ ስለ አየሩ... እኔው ጠየቅኩት። ነዋሪዎቹ ተሰብስበው፣ አንዴ ከደገማት ትነቀል ብለዋል። "ልጄ የሠራችው ነው፣ በእኔ ይሁንባችሁ" ብሎ ያስገባት እሱ ነው። ምን እንዳሉት ስጠይቀው "ተዪው" አለኝ። ምን ብለውት ይሆን? ለልጁ ገበያ የሚያመጣ ሽማግሌ?

ጥቅምት 11

ምድር ቤት ወረድኩ። በርታለች፣ ግን ዝም። ኬብሉን ሰክቼ ኪቦርዴን ብነካው ወዲያው መለሰችልኝ፦ ትእዛዝ በመጠበቅ ላይ።

የምን ትእዛዝ? መብራት ሲመጣ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ትንሽ ትታገሳለች። በዚያች መሀል በኬብሉ በኩል አንድ የኪቦርድ ቁልፍ ከተነካ፣ ጠጋኝ መጣ ብላ ሁሉን ትታ ትቆማለች። ለእኛ እንዲመች የተሠራ ነገር ነው። እዚህ ግን ኬብልም ኪቦርድም አልነበረም!

ዘበኛውን ማን እንደሚገባ ጠየቅኩት። "ከአባትሽ ሌላ ማን ይገባል? መብራት በመጣ ቁጥር ይወርዳሉ" አለኝ።

ደሜ ፈላ። አራተኛ ፎቅ ድረስ በንዴት ወጣሁ። የኬብሉን ቀዳዳ በጣቱ እየነካካው ነዋ! "አባዬ፣ የማታውቀውን ነገር ለምን ትነካካለህ?" አልኩት። እንዲህ ተናግሬው አላውቅም። መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። "እሺ፣ ሁለተኛ አልነካትም" አለ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥቅምት 12

አልደወለም። እኔም አልደወልኩም።

ጥቅምት 14

አገኘሁት! አገኘሁትና... ደስ አላለኝም።

ጠረጴዛዬ ላይ ያለችውን እያጠፋሁ እያበራሁ ስነታረክ ባልደረባዬ "አንዴ ላውሰው" ብላ ኬብሉን መዥረጥ አድርጋ ወሰደችው። ልጮህባት አፌን ከፈትኩ። ሳጥኗን ሳበራት ግን... ቀረች! ኬብሉን ቀምቼ ሰካሁ። ተነሳች። ነቀልኩት። ቀረች።

ለካ ኬብሉ ሲሰካ መስመሩ ጸጥ ይላል። ሲነቀል ጫፉ ባዶውን ስለሚቀር በአጠገቡ ከሚያልፉት ወፍራም የመብራት ሽቦዎች ሁከት ይለቅማል። እሷ ደግሞ ያንን ሁከት ቁልፍ ተነካ ብላ ታምነዋለች። እኛስ? ኬብሉን ሰክተን እንፈትናታለን፣ ነቅለን ከድነን እንልካታለን። ሌሊቱን ሲያስል አድሮ ሐኪም ፊት ጸጥ የሚል ልጅ ማለት እሷ ናት። ይሄን ሁሉ ጊዜ ያበሸቀኝ የገዛ ኬብሌ ነው!

ማንም አልነካትም ማለት ነው። ታዲያ አባዬ ምን ሊያደርግ ነበር የሚወርደው?

ደወልኩ።

"ላስነሳት ነዋ" አለኝ። "አጥፍቼ ሳበራት፣ አጥፍቼ ሳበራት፣ አንዳንዴ እሺ ትላለች። ጎረቤት ቧንቧ ሳይከፍት።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ሥራሽን እንዳይጠሉብሽ ብዬ ነዋ።"

ነዋሪዎቹ ያማረሩት ጉልበቱ አላወርድ ባለው ጊዜ ብቻ ነው። ሌላውን ጊዜ ሁሉ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ያንን ደረጃ ወርዶ... እና እኔ "የማታውቀውን ነገር" አልኩት። አለቀስኩ። ይቅርታ ስለው "ስልክሽ ይቆጥራል፣ በይ ዝጊው" አለ።

ጥቅምት 17

መስመሩን ጸጥ የሚያደርግ ትንሽዬ ሬዚስተር በየድኩላት። ከእንግዲህ እንዲሁ አንድ ቁልፍ ስለተነካ አትቆምም፤ እኛ የምናውቀውን ቃል ሙሉውን ካልጻፍንላት በቀር። የተሸጡት ሁሉ ተሰብስበው ይስተካከሉ ስል አለቃዬ ራሱን ያዘ። ይያዝ።

ከሥራ ስወጣ እነ አባዬ ሕንፃ ሄጄ የምድር ቤቷንም እንዲሁ አስተካከልኩ፣ ከዚያ ነዋሪዎቹ ፊት ቆሜ ጥፋቱ የእኛ እንደነበር ተናገርኩ። ሌሊት ሌሊት እየወረደ ውሃ ሲያስነሳላቸው የነበረው ማን እንደሆነም ነገርኳቸው። አባዬ ወለሉን ያይ ነበር።

ጥቅምት 21

ሌሊት የአባዬ ሰፈር መብራት ጠፍቶ ነበር አሉ። ጠዋት ሥራ ሳልገባ ደወልኩ።

"ውሃ አለ?"

"ፊቴን እየታጠብኩ ነው።"

"ሳጥኗ ወዲያው ተነሳች? መብራቱ ስንት ሰዓት መጣ?"

"እኔ ምን አውቄ" አለኝ። "ተኝቼ ነበር።"