ለነፊሳ ያልተደረገው ዱዓ

ሰኞ፣ ሰኔ 8። ጻካኔ፣ ከዐስር ሰላት በኋላ

ብርድ ነው። የዚህ አገር ሰው ሰኔ ካልገባ ብርድ መኖሩ ትዝ አይለውም፤ ዛሬ ብርድ ልብስ ስንሸጥ ዋልን። የመኪናችን የኋላ ጎማ አየር ያንሰዋል። ነፊሳ ጉልበቷን እያሸች ትጽፋለች። እኔ እናገራለሁ፣ ሚስቴ ትጽፋለች፤ የኖርነው እንዲህ ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ እሷ ፊደል ስትቆጥር እኔ ከብት ገበያ ነበርኩ። የበሬ ዕድሜ ጥርሱን አይቼ አውቃለሁ፤ ይበቃኛል።

ደብተር፣ ስማ። ነፊሳ ሐሙስ ትሄዳለች። እናቷ አልጋ ይዛለች፤ ስሟን ትጠራለች አሉ። እዚህ የምንኖረው በጥገኝነት ወረቀት ነው። በሱ የሚኖር ሰው አገሩ ከገባ ተመልሶ አይመጣም። ነፊሳ ትሄዳለች ማለት ሄደች ማለት ነው። አብረን እንሂድ ብላኛለች፣ ሁለቴ። ባዶ እጄን አልገባም አልኳት። ሱቄ ተዘርፎ፣ ቤቴ አራት ጎማ ሆኖ፣ ምን ይዤ? አንዴ ተናግሬያለሁ፣ አለቀ።

ይህን ስትጽፍ እስክሪብቶዋን አቁማ አየችኝ። ጻፊ አልኳት። ጻፈች።

ረቡዕ፣ ሰኔ 10። ዮቪል፣ ከመግሪብ በፊት

የሙደሲር ምግብ ቤት በር ላይ ቆመናል። የአገሬ ልጅ ነው፣ እንደ ታናሽ ወንድሜ። ልጁ ሐያት እዚሁ ተወልዳ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች፤ መኪናችንን ሞተርሆም ትለዋለች። እኔ ቤት ነው የምለው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው። ሱቁ ከተዘረፈ ወዲህ ከሎኬሽን ሎኬሽን፣ ከጥቁሮች ሰፈር ሰፈር፣ እየዞርን የምንሸጠውም የምንተኛውም በሱ ነው። መሪውን ከኔ በቀር የነካ የለም። አይነካምም።

ሸኚው ተሰበሰበ። ሁሉም እሽግ ይዞ መጣ፤ ይሄ ለእናቴ፣ ይሄ ለአክስቴ፣ ይሄ ለሙሽራዋ። ነፊሳ የራሷን ልብስ ከሻንጣ አውጥታ የሰው ጫማ ከተተች። ተቆጣሁ። ዝም በል አለችኝ፤ የሰው አደራ አይመለስም።

ሙደሲር ዱዓውን ዛሬ እናድርግ፣ ነገ ጥድፊያ ነው አለ። እምቢ አልኩ። የመንገደኛ ዱዓ መንገድ አፍ ላይ ነው። በኛ አገር ታናሽ ቀድሞ ይሰናበታል። በመጨረሻ ትልቁ ሰው ዱዓ ያደርጋል፣ መንገደኛው አሚን ብሎ ይሄዳል። እዚህ ከኔ የሚበልጥ ትልቅ የለም።

ዱዓውን ያቆየኸው እንዳልሄድብህ ነው። ይህን እሷ ናት የጻፈችው፤ ስታነብልኝ ሰማሁ፣ እኔ አላልኩም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 13። ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ከዙሁር በኋላ

ደብተር፣ አንተም አገር ገባህ፣ እኔ ቀረሁ። ነፊሳ ሻንጣዋ ውስጥ ከታ ወሰደችህ። አሁን እኔ ድምፄን በስልክ ቀድቼ እልካለሁ፣ እሷ እናቷ ቤት ሆና ትጽፋለች። ሐያት የት እንደምጫን አሳይታኛለች። ነፊሳ፣ እንዳልኩት ጻፊ። አታሳምሪልኝ።

የሐሙሱ እንዲህ ነው። ኤርፖርቱ የገበያ ቀን መስሏል። ተማሪ ተለቆ አገሩ ሁሉ ይጓዛል፤ መኪና በመኪና ላይ። ሐያት ከኋላ ባባ፣ ግራ! ሌፍት፣ ሌፍት! ትላለች። እኔ ቀኝ ያዝኩ። መኪና ማቆሚያው መግቢያ ላይ ቁመት የሚለካ ብረት ተንጠልጥሎ ኖሯል። አላየሁትም። ጣራችንን ገጨው። ካንቺ አልጋ በላይ ያለችውን የመስኮት ክዳን ነቅሎ ጣላት። ኋላዬ ያለው ሁሉ ጡሩንባ። ያን ሁሉ መኪና ለምነን ወደ ኋላ ወጣን። ሙደሲር፣ ጋሼ ከድር፣ መሪውን ለኔ ይስጡኝና እርስዎ ከሷ ጋር ይውረዱ አለኝ። እጄን ከመሪው አላነሳሁም። ሰምተሽዋል፣ እዚያው ነበርሽ።

መንገደኛ ማውረጃው ጋ ቆምን። ሸኚው ወረደ፣ ከታናሽ ጀመረ። ሐያት አለቀሰች። አንዱ አራቴ ይስምሻል፣ ሌላው እሽጉን ደግሞ አደራ ይላል። እኔ መሪው ላይ ሆኜ ተራዬን እጠብቃለሁ። ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ጥበቃ መጣ። ምኩሉ አለኝ፤ አያት ማለቱ ነው። ሀምባ፣ ምኩሉ፣ ሂድ፣ እዚህ አይቆምም። ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ አውቶቡስ ነው? ቤት ነው አልኩት። ሳቀ። እንግዲያው ምኩሉ ቤትህን ይዘህ ሂድልኝ አለ። ዱዓ አለብኝ አልኩት፣ በአማርኛ። ምን ይግባው። መኪናውን በመዳፉ ደበደበው። ዞሬ እመጣለሁ ብዬ በመስኮት ጮህኩልሽ። አንቺ በሰው ተከበሻል። ነዳሁ።

መታጠፊያዋን ሳትኳት። አውራ ጎዳና ላይ ወጣሁ፤ መመለሻው ሩቅ ነው። ስደርስ ሸኚው ብቻ ቆሟል። ቀና ብሎ ያየኝ የለም። ሙደሲር ነገረኝ። መስታወቱ በር ላይ እጅሽን ለዱዓ ዘርግተሽ ጠበቅሽኝ። ይረፍድብሻል ብሎ እሱ ራሱ ገፍቶ እስኪያስገባሽ ድረስ።

እጅሽን ዘርግተሽ።

ሰኞ፣ ሰኔ 15። ኮዝሞ ሲቲ፣ ከሱብሒ በኋላ

ድምፅሽ ደረሰኝ። እናቴ፣ ባልሽ ዱዓ አድርጎልሽ ነው ወይ የመጣሽው ብላ ጠየቀችኝ አልሽ። በስልክ አድርግልኝ አልሽ።

ሞከርኩ። ስልኩን ስይዝ እጄ አይዘረጋም። ሳስቀምጠው ባዶ መኪና ነው። አሚን የሚል የለም። ተውኩት።

በጣራው ብርድ ይገባል። ፕላስቲክ ወጠርኩበት፤ ነፋስ ሲመጣ ይንኳኳል። አልጋሽ ላይ ብርድ ልብስ ከምሬ ነበር፣ የተኛ ሰው መሰለኝ። አነሳሁት። ያቺ ወፍራም ደንበኛሽ፣ ጎጎ የት ሄደች አለችኝ፤ አያት ማለቷ ነው፣ አንቺን። ትመጣለች አልኳት። ዋሸሁ። ሐያት ደወለች። ባባ፣ አር ዩ ኦኬ፣ በልተሃል? በልቻለሁ አልኩ። ያም ውሸት ነው። ውሸት ሳላበዛ ስልኩን ዘጋሁ።

እናትሽን ግን ደህና ነች ወይ ብዬ አልጠየቅኩም። ደህና ነች ወይ?

ረቡዕ፣ ሰኔ 17። ዮቪል፣ ከዐስር በኋላ

አጭር ነው፣ ጻፊ። ቤቱን ለሙደሲር ሰጠሁት። ለሸቀጥ ማመላለሻ ይሆነዋል፤ እሱ ቲኬቴን ይቆርጥልኛል። ሲያስነሳው መንገዱ ዳር ቆሜ አየሁት። ማርሹን ያንገጫግጨዋል። ቀስ በል ልለው አፌ ላይ መጣ፣ ዋጥኩት።

ነገ ሐያት ኤምባሲ ትወስደኛለች። እንዳንቺ የመሄጃ ወረቀት ይሰጡኛል፣ አውራ ጣቴን አትሜ እወጣለሁ። ባዶ እጄን ነኝ። ለእናትሽ ንገሪያት። ለመንደሩም ንገሪ፤ የሚስቅ ካለ ሳልደርስ ስቆ ይጨርስ።

ዱዓሽን በስልክ አልልከውም። ይዤው እመጣለሁ። በሩ ላይ ጠብቂኝ፣ እስክደርስ እጅሽን እንዳታጥፊ።