ከበሩ ጀርባ ያነበብሽልኝ መጽሐፍ

ሲልቬራዶ ራንች፣ ላስ ቬጋስ፣ ኦክቶበር 2021

ውድ ልጄ ቤቴል፣

ዩኒቨርሲቲሽ ያለበት ሪኖ እንደ ላስ ቬጋስ አያቃጥልም ብለሽ የላክሽውን መልእክት አባትሽ አሳየኝ። ለእሱ ነው የላክሽው፤ ለእኔ አይደለም። አልፈርድብሽም። ዩኒቨርሲቲ እስክትገቢ ድረስ ዓመት ሙሉ ከ«በልተሻል?» በቀር ደህና ቃል አላወጣሁልሽም።

ትናንት ክፍልሽን ሳጸዳ ያ መጽሐፍ ከአልጋሽ ሥር ወጣ፤ ሽፋኑ ላይ ሰይፍና ጋሻ የያዘች ልጅ ያለችበት።

አምና በጁላይ 2020፣ ኮቪድ ይዞኝ መኝታ ቤት ተዘግቶብኝ ሳለ፣ ኮሪደሩ ላይ ወንበር አውጥተሽ በበሩ በኩል ታነቢልኝ ነበር። እንግሊዝኛውን ታነቢና በራስሽ አማርኛ ትነግሪኛለሽ። ሳቢና ለባርነት የተሸጠች፣ በጥንት ሮማ ሕዝብ ፊት በሰይፍ የምትፋለም ግላዲያተር ናት። ኒሳ ደግሞ አብራት የምትሠለጥን፣ ዳቦዋን የምታካፍላት ጓደኛዋ። «እማዬ፣ ይሄ ቻፕተር ስኬሪ ነው፤ ስኪፕ ላድርገው፣ ልዝለለው?» ስትይኝ፣ «አሥራ ሁለት ዓመት ካዚኖ የሠራሁ ሴት ምን ያስፈራኛል!» እልሽ ነበር፤ እያሳልኩ።

ስለ ኒሳ ስሰማ የምትታየኝ ፋናዬ ነበረች። ካዚኖው ውስጥ በአንድ ሺፍት የቁማር ካርድ ስናድል የኖርን፣ ምሳዋን ለሁለት የምትከፍልልኝ ፋናዬ። እሷም በዚያው ሳምንት ታማ ሆስፒታል ገብታ ነበር። «እንዴት ናት?» ባልኩሽ ቁጥር «እየተሻላት ነው» ትይኝ ነበር።

ባነበብሽልኝ በመጨረሻው ቀን ሳቢናና ኒሳ እርስ በርስ እንዲጋደሉ ተፈረደባቸው። እዚያ ላይ ማንበብ አቆምሽ። ውሃ ልጠጣ ብለሽ ሄድሽና ቆይተሽ ተመለስሽ።

«ሰይፉን ጣሉት። ሁለቱም። አንገድልም አሉ። ሰዎቹ አጨበጨቡ፤ በቃ፣ ወደ ቤት ሄዱ» አልሽኝ።

እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ እልል አልኩ።

ከክፍሉ ስወጣ ፋናዬ ተቀብራለች። አባትሽ «ለታመመ ሰው መርዶ አይነገርም፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው፤ ቤቴልንም እኔ ነኝ ያስጠነቀቅኳት» አለ። እሱን ይቅር አልኩት። አንቺን ግን «ዓይኔን እያየሽ ዋሸሽኝ» አልኩሽ። የት አይተሽው! በር ነበር መካከላችን።

ትናንት የመጨረሻውን ምዕራፍ በስልኬ እየተረጎምኩ አነበብኩት። ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ኒሳ ትሞታለች፤ ሳቢና እቅፍ ውስጥ። ገጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ ቀን ጽፈሻል። ፋናዬ ያረፈችበት ቀን ነው።

ልጄ፣ በእኛ ወግ መርዶ አንድ ሰው አይሸከመውም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ዘመድና ጎረቤት ይዘው፣ ማልደው ነው የሚሄዱት። እኛ ግን የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አሸክመን፣ ብቻዋን ወንበር ላይ አስቀመጥናት። ፋናዬ እኮ ለአንቺም እንደ አክስት ነበረች፤ ፀጉርሽን እየሠራች ነው ያሳደገችሽ። ውሃ ልጠጣ ያልሽው ወጥ ቤት ልታለቅሺ ነበር፤ እኔ ግን እልል አልኩብሽ። አንቺን ማን አስተዛዘነሽ? ማንም። እኔ እናትሽ ጭራሽ ተቆጣሁሽ። ይቅር በይኝ።

ለታንክስጊቪንግ በዓል ስትመጪ የፋናዬን ጓደኞች ጠርቻለሁ። በማለዳ ይመጣሉ፤ የሚመጡት አንቺን ሊያስተዛዝኑ ነው። ስንጨርስ አጠገቤ ተቀምጠሽ መጽሐፉ እንደሚለው አንብቢልኝ። ኒሳ ትሙት፤ አብረን እናልቅስላት።

ከዚያ ያንቺን ትደግሚልኛለሽ፤ ወደ ቤት የሄዱበትን።

እናትሽ ስሜነሽ